አሪፋ የቆለፈችው በር

ጎረቤቴ አሪፋ ከአጣዬ ሸሽታ ሸዋ ሮቢት ከገባች አምስተኛ ዓመቷ ነው። ዛሬም ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ዓይኗ ወደ በር ይሄዳል፤ እጇ ከአንገቷ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ ይጨብጣል። ከተማዋ ስትቃጠል ነፍሷን ይዛ የወጣችው ቤቷን ቆልፋ ነው። ፍየሏ ከነግልገሏ ውስጥ ነበረች። ሌባ ፈራች እንጂ እሳቱ እዚያ ይደርሳል ብላ አላሰበችም።

ወደ አጣዬ የተመለሰችው ልጇ ሐምዲያ በቀደም ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል።

«እማ፣ አንቺ ካልመጣሽ ማን አለኝ?»

አሪፋ ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ሄዳ ሦስቴም ሳትሳፈር ተመለሰች።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው መቅደስ ለፍርሃቷ ማስታገሻ ማሾ መልቀም አስተማረቻት ብል ይሳቅብኛል፤ አሪፋ ማሾ ስትለቅም ያደገች ሴት ናት። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አንዷን ፍሬ ከሰፌዱ ስታነሳ አየር ትስባለች፣ ስታስቀምጥ ትለቃለች፤ ሐሳቧ ወደዚያ ቀን ሲሸሽ ወደ ፍሬዋ ትመልሰዋለች። ቀጥላም መቅደስ ከሰል ሰጥታ የሚያስፈራትን እንድትስል ነገረቻት።

«እኔ? እኔ ዶሮ ብስል ቁራ ነው የሚሆነው!»

«ቁራም ይሁን፣ እትዬ አሪፋ። ብቻ ይውጣ።»

የምጽፍበትን ደብተር ሰጠኋት። የአጣዬ ቤቷን ግድግዳ፣ ጣሪያውን፣ የጓሮውን ቁርቁራ ዛፍ ሳለች። በር የለውም።

«መግቢያው በየት ነው?» አልኳት።

«እሱን ተዉኝ፣ ጋሼ በላይ። እሱን ስነካ የፍየሏን ጩኸት እሰማለሁ።»

ለአራተኛ ጊዜ መናኸሪያ ስትሄድ አብሬያት ተሳፈርኩ። ሰንበቴ ከተማ ላይ አንድ ነጋዴ የገዛትን ፍየል ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰረ። ገና ከመንቀሳቀሳችን ፍየሏ ጮኸች።

«ወራጅ አለ!»

አሪፋ ፊቷ አመድ መስሎ ወረደችና ወደ መጣንበት መራመድ ጀመረች።  ጥቂት ሄዳ ቆመች። ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ማሾ ፈትታ፣ አንድ አንድ እያነሳች ትተነፍስ ጀመር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ።

«እማማ፣ ማሾ የሚለቀመው አስፋልት ላይ ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ተመልሳ መጣች። «ፍየሏን አውርድና እግሬ ሥር አድርጋት» አለችው ረዳቱን።

«ፍየል ከሰው ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

እስከ አጣዬ አንድ እጇ ፍየሏ ጀርባ ላይ፣ አንዱ ቁልፉ ላይ ነበር።  መኪናው ሲቆም ረዳቱን አልጠበቀችም። በሩን ራሷ ከፈተች፤ አስቀድማ ያወረደችው ፍየሏን ነው።