እሱባለው በርሊን ላይ እምቢ ያለ ለታ

እሱባለው ሲፈጥረው ዓይነ አፋር ነው። የተወለደው ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ነው። አባቱ መሪጌታ ፊልጶስ ዜማ ያስተምራሉ። እናቱ እናትነሽ ይባላሉ። በዚያ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። ሰው ቤት ተገብቶ ምግብ ሲቀርብ ቶሎ እጅ አይዘረጋም። መጀመሪያ «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል። ባለቤቲቱ «ኧረ በሞቴ» ትላለች። «አይሆንም፣ ጠግቤያለሁ» ይባላል። «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ስትል ያኔ እንደ ተገደደ ሰው ቀረብ ይባላል። ሆድ ቢጮህም ባይጮህም እንዲያ ነው። አንድ ቀን ልጅ ሆኖ ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ቤት፣ ገና ሳይለመን ቁራሽ ቢያነሳ እናቱ ጭኑን በቁንጥጫ መለጡት።

«የካህን ልጅ እንዲህ ይቸኩላል? ሰው ምን ይለናል!»

ከዚያ ወዲያ ቸኩሎ አያውቅም።

ንፋስ መውጫ ከተማ ተማረ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተር የተቆለፈበት ክፍል ነበረ። መብራት ሲኖር ቁልፉ ያለው መምህር አይኖርም፣ መምህሩ ሲኖር መብራት ይሄዳል። ሁለቱ የተገናኙ ለታ እሱባለው ከወንበሩ አይነሳም። ኋላ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒዩተር ተማረ፣ አዲስ አበባም በዚያው ሙያ ሠራ። በ2008 ዓ.ም. በርሊን ያለ አንድ ኩባንያ በኢንተርኔት ፈትኖት ና አለው። ስታርታፕ ይሉታል። ገና እየተጀመረ ያለ፣ ይቁም ይውደቅ ያልታወቀ ኩባንያ ማለት ነው።

ያ መጀመሪያ የገባበት ወደቀ። አንድ ጠዋት አለቃቸው ኬክ ይዞ መጣ። እሱባለው ልደቱ መስሎት ፈገግ ብሎ «እንኳን አደረሰህ» አለው። ሰውዬው ኬኩን ቆርሶ ለሁሉም ካደለ በኋላ፣ ገንዘባችን አልቋል፣ በርትታችኋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ኩባንያው የለም አላቸው። ሰዉ ኬኩን በላ። እሱባለው ግን አልወርድ አለው። ለካ የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ሥራ ከጠፋ ጥቂት ወር ይታገሱታል፤ ሌላ ካላገኘ ወደ አገሩ ነው። ወደ አገር መግባቱ ባልከፋ። ግን ቤተ ልሔም ላይ «የመሪጌታ ልጅ አውሮፓ አልሆነለትም» ሲባል አባቱ በየትኛው ዓይናቸው ሰው ያያሉ? እሱን ሲያስብ እንቅልፍ ይሸሸዋል።

ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ በስንት መከራ ሁለተኛ ስታርታፕ ገባ። ይኼኛው የሚሠራው ባለ ውሻ ሰው ውሻውን የሚያንሸራሽርለት ሰው በስልክ የሚያገኝበትን መላ ነው። እናቱ በስልክ ሲጠይቁት ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ውሻው ታሟል?» አሉት።

«አልታመመም እማ። ደህና ነው።»

«እግር የለውም?»

«አለው።»

«እና ራሱ አይሄድም? ኧረ እሱዬ! ይኸን ለመሥራት ነው ያን ያህል የተማርኸው?» ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ።

እሱባለው ሥራውን ይችላል። የከበደው ሌላው ነው። እንግሊዝኛው አንድ ድካም፣ ጀርመንኛው ሌላ ድካም፣ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብሎ መዋሉ የባሰ ድካም። ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታቸው ክብ ሠርተው ይቆሙና ሁሉም ትናንት የሠራውን ይናገራል። አጠገቡ የሚቀመጠው ፓቬል የሚባል የፖላንድ ልጅ ኢምንቷን ነገር ተራራ አድርጎ ያወራል። እሱባለው ሳምንት ሙሉ የደከመበትን ጨርሶም «ትንሽ ነገር ሞካክሬያለሁ» ነው የሚለው። ራስን ማመስገን ነውር ነው። ሥራውን ያየ ሰው ያመስግነው እንጂ።

አንድ ሰኞ አለቃቸው ካትሪን ጠራችው። በመስታወት በታጠረችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፊቷ ደክሟል።

«እሱባለው፣ ነገሩ አላማረም። ሰው እንቀንሳለን» አለችው። «የኮምፒዩተር ሥርዓቱን ይዞ የሚቀጥል አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ኃላፊም ይሆናል። አንተ እንድትሆን ነው ያሰብኩት። ትፈልጋለህ?»

መፈለጉንማ! ይኸ ማለት ፈቃዱ ጸና፣ አባቱ ቀና ብለው ሄዱ፣ እሱም ተኛ ማለት ነው። ግን አፉ ቀደመው።

«አመሰግናለሁ፤ እኔ እንኳ አይሆንልኝም። ከእኔ የሚሻል ሰው አለ።»

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አሁን «ኧረ አንተው ነህ» ትለኛለች ብሎ ነው። ካትሪን ቀና ብላ አየችው።

«እርግጠኛ ነህ?»

ይኸው፣ ሁለተኛዋ መጣች አለ በልቡ። አንዴ ደግሞ ብትለኝ እሺ እላለሁ።

«አዎ፣ ሌሎቹ ይሻላሉ።»

«በጣም አዝናለሁ። ግን እውነቱን ስለነገርኸኝ አመሰግንሃለሁ» አለችው። ተነስታ እጁን ጨበጠችው።

እሱባለው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ማክሰኞ ትጠራኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጠራችውም። ረቡዕ ውኃ ሊቀዳ ሲል ሆን ብሎ በጠረጴዛዋ በኩል አለፈ። «ሰላም» አለችው፣ በቃ። ሐሙስም ሳይጠማው ውኃ ሲቀዳ ዋለ። ዓርብ ሁሉንም ሰብስባ የሚሄዱትን አመሰገነች፣ የሚቀረውም ፓቬል ነው አለች። ሰዉ አጨበጨበ። እሱባለውም አጨበጨበ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዱኛን አገኘው። አዱኛ የእስቴ ሰው ነው፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ። በሱዳን በኩል ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ በርሊን ውስጥ ዕቃ በመኪና የሚያደርስ፣ አፉ የማያርፍ። የእኛ ሰዎች ከጀርመኖች በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመው እሱባለው ነገሩን ነገረው። አዱኛ መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

«እምቢ አልሁ ነው የምትለኝ?»

«ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ለፈረንጅ?»

«ትለምነኛለች ብዬ ነዋ…»

አዱኛ ጭንቅላቱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ይሳቅ ይናደድ ጠፍቶታል።

«እናንተ ጋይንቶች! እስቴ ቢሆን አንዴ እምቢ ብለን ሁለተኛውን እንጎርሳለን። እናንተ ግን እስክትደፉ ትግደረደራላችሁ። አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው! እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አንዲት ጀርመን አሮጊት ዕቃ ባደርስላት ሾርባ ልስጥህ አለችኝ። ርቦኛል፣ ብርዱም አጥንቴ ገብቷል። አይ በልቻለሁ ብላት፣ እሺ ብላ በሩን ዘጋችው! ሽታው በበሩ ሥር እየመጣ እኔ እዚያው ቆሜ።»

እሱባለው ሳይወድ ሳቀ። አዱኛ ግን ሳቁን አቆመ።

«ነገ ሂድ። ፈልጌ ነበር በላት። አፍህን ክፈት።»

«ነውር አይሆንም? ለሌላ ሰው ሰጥታው?»

«ነውሩንስ ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ብቻ ሂድ።»

የዚያን ለታ ከሰዓት በኋላ እቤት ደወለ። ሊነግራቸው ነበር ያሰበው። አባቱ አነሱ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነው።

«ልጄ፣ ደህና ዋልህ? እኛ ዘንድ ጉድ ነው። የደብሩ አለቃ ሁን ብለው ሽማግሌዎቹ መጡብኝ።»

«እንዴት ደስ ይላል አባባ! ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ፣ እኔ አይሆንልኝም፣ ከእኔ የሚሻል አለ ብዬ መለስኋቸዋ።»

ከወዲያ እናቱ ከሩቅ ሲስቁ ይሰማል።

«ሁለተኛ ሲመጡማ ጓሮ ለጓሮ ወጡ በለው! ሽማግሌዎቹ ጥሻ ጥሻውን ሲፈልጓቸው ዋሉ!»

«ዝም በይ አንቺ» አሉ አባቱ፣ ግን እሳቸውም እየሳቁ ነው። «ነገ ደግሞ ይመጣሉ። ሦስተኛ እምቢ ማለት እንግዲህ ትዕቢት ይሆናል። የእናንተስ ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባባ።»

«ታዲያ ድምፅህ ምነው?»

«ብርዱ ነው።»

«ልበስ እንጂ ልጄ፣ ልበስ።»

ስልኩን ዘጋ። አባቱ ያሉት እሱ ያለውን ነው፣ ቃል በቃል። እዚያ ሰው በሦስተኛው ይመጣል። እዚህ የሚመጣ የለም። አባቴ ተሳሳቱ ማለት አልቻለም። ካትሪን ተሳሳተች ማለትም አልቻለም።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ገባ። ካትሪን ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋበት።

«ያን ለታ እምቢ ያልኩት…» አለ። «ፈልጌ ነበር።»

ካትሪን ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን እምቢ አልህ?»

«በአገራችን መጀመሪያ እሺ አይባልም። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። ሰውየው ደጋግሞ ሲለምን ነው…»

«ግን እኮ ደግሜ ጠየቅሁህ።»

«አዎ። ሁለተኛውም ገና ነው።»

ካትሪን አልሳቀችም። ቢያንስ ስትስቅ አላያትም። ቀስ ብላ፣ «እሱባለው፣ የትኛው እምቢታ እምቢታ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለችው።

በእውነት በምን ታውቃለች? ቤተ ልሔም አላደገች።

«ፓቬል ፈርሟል። ልጅም ተወልዶለታል። ከእሱ ነጥቄ ልሰጥህ አልችልም» አለች። «ሌላ ቦታ ስትጠይቅ ግን ስለ ሥራዬ ለካትሪን ደውሉ በላቸው። ያለውን እነግራቸዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ በአማርኛ፣ ሳያስበው። ትርጉሙን አልጠየቀችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚታወቅ ነው። ደጅ መጥናት። ስልክ። «እንደውልልሃለን» ብሎ የማይደውል። ፈቃዱ እያለቀ ሲሄድ እሱባለው ከሳ፣ ከሰው መሐል መቀመጥ ጠላ። አባቱ የደብር አለቃ ሆነው ተሹመው ካባ የለበሱበትን ፎቶ በስልክ ላኩለት። «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ጻፈ። ስለራሱ ግን አልጻፈም።

በመጨረሻ ሐምቡርግ ያለ ሌላ ስታርታፕ ጠራው። ይኼኛው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የሚያዝበትን ነገር ይሠራል። በባቡር ሄደ። ራሰ በራ የሆነ ሰውዬ ጠየቀው፣ ያወቀውን ያህል መለሰ። ካትሪን ጋ ደውለው እንደነበር ገባው፤ ሰውዬው ስለ ሥራው ደህና አድርጎ ያውቃል። ኋላ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገና፦

«ያለን ቦታ ከበፊት ሥራህ ዝቅ ያለ ነው፣ ኃላፊነትም የለውም፤ ምናልባት አንተ ካልከበደህ…» ብሎ ጀመረ።

«እፈልጋለሁ» አለ እሱባለው።

ሰውዬው ገና ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። እሱባለው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። እናቱ አጠገቡ ያሉ መሰለው፣ ጭኑን ሰብሰብ አደረገ። ሰውዬው ግን ምንም አልመሰለውም። «ጥሩ፤ መቼ ትጀምራለህ?» ብሎ ወደሚቀጥለው ነገር አለፈ።

ሲወጣ ዝናብ ነው። ፌርማታው ላይ ቁጭ አለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ትንሽም ብሎታል። ግን ደግሞ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ቤት ፍለጋ፣ እንደገና የሰው ሁሉ ስም ማጥናት፣ ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርቶ መቆም። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ አለፈ። ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው እሱ ነበር። ድካሙ አላስነሳው ብሎ ሌላው እስኪመጣ እዚያው ተቀመጠ።