ቤት ነበርኩ

ደላላው ሃብታሙ ተክለ ሃይማኖት ቢሮውን ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለች ሥራ ፈላጊ ገጥማው አታውቅም። ጥቁር ነጠላዋ ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሏል። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ቦታ የያዘች እንዳይመስልባት ሰብሰብ ብላ ተቀምጣለች።

«ምን ሙያ አለሽ?»

«ምንም። ቤት ነበርኩ።»

«እንዲህ እያልሽማ ማን ይቀጥርሻል፣ እህቴ?»



አግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ የተቀመጡ፣ ለሚስታቸው አስታማሚ ፍለጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሰው አጥተው ሊሄዱ ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ከድቷቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ሴትየዋ ቀድማ ደረሰች። አልጎተተቻቸውም፤ ክንዷን በብብታቸው ሥር አስገብታ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀችና አብራቸው ተነሳች።

«ማንን ነው ያስታመምሽው፣ ልጄ?» አሏት።

«ባለቤቴን፣ እስኪያርፍ ድረስ።» ግራ ተጋብታ ወደ ሃብታሙ ዞረች። «እሱም ሥራ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»