የማይቀንሰው ውሃ

ተሳፋሪዎቹ «ቀስታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በአነዳዱ ነው። ጠዋት ጠዋት አራት አስተማሪዎችን ጭኖ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ከኋላ የምትቀመጠው የሂሳብ አስተማሪ «ጋሼ፣ እኛ ወርደን በእግር እንቅደም እንዴ?» ትለዋለች። እሱም መሪውን እየዳበሰ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» ይላል።

የምትሰማው መኪናዋ ናት። ከመጀመሪያ ልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። ድሮ ሰማያዊ ነበረች፤ አሁን ግን ቀለሟ ሊዘንብ ሲል እንዳለ ሰማይ ሆኗል። ጭጋግ በወረደ ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆማ ሲያያት የቱ ጋ እንደምታልቅና ጭጋጉ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም።

በዚያ የዝናብ ወራት ቀስታን ያሳሰበው ውሃ ነበር። ሞተር በሆዱ እሳት የሚነድበት ብረት ነው። ብረቱ በራሱ እሳት እንዳይበላሽ ውሃ በጎድኖቹ መካከል እየተሽሎከለከ ሙቀቱን ይለቅማል፤ ለቅሞም ፊት ለፊት ወዳለው ራዲያተር ይወስደዋል። እዚያ ነፋስ ያገኘዋል፣ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይገባል። መኪናው እስኪቆም ድረስ ይኸው ነው፤ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ። የሚያስደንቀው ደግሞ ከመንገደኞቹ አንዱም ይህ ሁሉ ጉዞ በጉዟቸው ውስጥ እንዳለ አለማወቁ ነው። ውሃው ባዶ ውሃ አይደለም፤ ኩላንት የሚባል አረንጓዴ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ኩላንቱ ዝገት ይከላከላል፣ ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል። ትርፉ በኮፈኑ ስር ባለች ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይታያል፤ ዕቃዋ ላይ መስመር አለ።

ይህ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው ከመስመሩ በታች መውረድ የጀመረው፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትታይ።

መካኒኩ፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚያዳምጠው የሚበዛ ሰው፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ቆየና ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ነገረው። ወይ አንዲት የጎማ ቱቦ ስትሞቅ ብቻ ትተነፍሳለች። ወይ ደግሞ በሞተሩና ቴስታ በሚሉት በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለችው ስስ ማሸጊያ፣ ጋርኔሽኗ፣ ተቃጥላ ውሃውን ወደ እሳቱ ታሳልፋለች። ቱቦዋን ቀየረለት፣ ፈሳሹንም እስከ መስመሩ ሞላለት።

«አሁን ምንም ሳይጨምሩ በየጠዋቱ ይዩት» አለው። «ካልቀነሰ ተገላገልን። ከቀነሰ ሞተሩ ይከፈታል። ሳያዩ ነድተው ከፈላ ግን ቴስታው ይጣመማል፤ ከባሰበት እኔም አልደርስልዎትም፣ ለቁራሌው ነው።»

ቀስታ ጨነቀው። መኪናዋ ከሄደች እንጀራው ሄደ። ሞተር ማስከፈት ደግሞ ለጣሪያው ያጠራቀሙትን መብላት ነው። ጣሪያው በዘነበ ቁጥር በአልጋው ግርጌ ያንጠባጥባል፤ ባለቤቱ ባልዲ ደቅናበታለች። እንግዲህ ውሃ በማይፈለግበት ቤት ይገባል፣ ከሚፈለግበት ሞተር ይጠፋል።

ነገር ማሳጠር የሚወድ ሰው ነውና እራት ላይ ለባለቤቱ የነገራት በአንድ ትንፋሽ ነበር፤ «ውሃው ካልቀነሰ ሞተሩ አይከፈትም።» እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ እያሾለከች «እሺ» አለች።

በማግስቱ ውሃው መስመሩ ላይ ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ቀስታ ጺሙን ተላጭቶ ይወጣል፣ ኮፈኑን ያነሳል፣ ያያል፣ በቀስታ ይዘጋል። ኮረብታውን ሲወጣ ሰውነቱ ቀለለው። ጭጋጉ መስታወቱን እየላሰ ያልፋል፣ ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብለው ይሰወራሉ፣ አስተማሪዎቹ ያንቀላፋሉ፤ ሞተሩ ሲያንጎራጉር መኪናዋ ራሷ እያለመች የምትሄድ ይመስለዋል። አረንጓዴው እየሳሳ ሲመጣ አላየም ማለት አይቻልም። መጀመሪያ እንደ ሣር ነበር፣ ከዚያ እንደ ወጣት ቅጠል፣ ከዚያ የብርጭቆ ጠርዝ ላይ እንደሚታየው ዓይነት። የንጋቱ ብርሃን ነው ብሎ አለፈው።

ቅዳሜ ባለቤቱ ለትምህርት ቤቱ የሰፋችውን መጋረጃ ጠቅልላ አብራው ተሳፈረች። ቀስታ በዚያን ቀን ኮፈኑን አላነሳም፤ ልቡ ሞልቶ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ይህም ሞተሩ ሙቀቱን ለተሳፋሪው እንዲያካፍል ማድረግ ነው። ትኩስ ነፋስ ፊታቸውን መታው። ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ወጥቶ ከጭጋጉ ጋር ተቀላቀለ።

ጸጥ አለ። የጋለ ብረት ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ይሰማል። ከታች ከተማው የለም፤ ነጭ ሜዳ ነው።

ባለቤቱ ከመጋረጃዎቹ መሃል የውሃ ጠርሙስ አወጣች።

«እስኪበርድ አይነካም» አላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ዛሬ መጋረጃ ስጠቀልል ሳልጨምርላት ቀረሁ።»

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ። አንተ ስትላጭ ሁልጊዜ እስከ መስመሩ እሞላላት የለ? ካልቀነሰ አይከፈትም ያልከው አንተ አይደለህ? እንዳይቀንስ አደረግኩ።»

ቀስታ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ውሃውን ከየት ታመጪ ነበር አላት።

«ከባልዲው። መቼም ይደፋል፤ ለምን ይባክን?»

ለጣሪያቸው ቀዳዳ ምስጋና ይግባውና መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ስትጠጣ ከርማለች። ሳቁ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ታየ፣ ከዚያ እንባው መጣ። እሷ ተቆጣች፤ ሰው እንደ ሰው አያስረዳም እንዴ አለች፤ ከዚያ ሳቁ እሷንም ያዛት። ሲበቃቸው ግን ሁለቱም ወደ ኮፈኑ ዞሩ። ቴስታው ተጣሞ ይሆን?

መኪናዋን አስጎትተው ወሰዷት። መካኒኩ ታሪኩን ሲሰማ የቀስታን ፊት አየ።

«ቀለሙን አላዩም?»

«አይቻለሁ። ንጋቱ መሰለኝ።»

መካኒኩ የዝናብ ውሃ በመሆኑ ብቻ የቧንቧ ውሃ የሚተወው ነጭ ቅርፊት በውስጡ እንዳልተጋገረ እየነገራቸው ሞተሩን ፈታ። ጋርኔሽኗ አንድ ቦታ ጠቁራ ተበልታለች። ቴስታውን ገልብጦ ጠረገ፤ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቆመበት፣ ከበስተጀርባው መብራት ያዘ። ፈተናው ይኸው ነው፤ ብረቱ ቀጥ ካለ ብርሃን ማለፊያ አያገኝም። ሦስቱም አጎነበሱ።

«እዚህ ጋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ክር የምታህል አለች።»

መካኒኩ እንደ ቅጠል የሳሳች የመለኪያ ብረት ወደ ክሯ ሰደደ፤ ጫፏ ብቻ ገብታ እምቢ አለች።

«ተልጎ ይስተካከላል» አለ። «ቶሎ ማጥፋትዎ ነው ያዳናት።»

የጣሪያው ጥሪት በዚያው ሄደ። ባልዲው ሌላ ክረምት ከአልጋው ግርጌ እንዲከርም ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ኮፈኑን የሚያነሱት ሁለቱ ናቸው። ቀስታ ገና ሳያነሳው «እጅሽን አሳዪኝ» ይላታል፤ እሷ ሁለት ባዶ መዳፎቿን ትዘረጋለች። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ሣር የመሰለው አረንጓዴ መስመሩ ላይ ተኝቷል። ከቤት ውስጥ የባልዲው ጠብታ ይሰማል፤ ጠብ፣ ጠብ።