«ስብሰባ ላይ ናቸው»

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የጊዮርጊስን በር ተሳልሜ አልፋለሁ። ሰማዕቱ ለጣዖት ስገድ ሲባል አልሰግድም ያለው በንጉሥ ፊት ነው። ከእኔ የሚፈለገው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ በአንድ ጠበቃ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ ነበር፤ የተገኘው ሥራ ግን ይህ ነው። አለቃዬ ጉዳዩ ያልተሠራለት ደንበኛ ሲመጣ ማየት አይፈልጉም። በራቸውን ዘግተው ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ እኔ ስብሰባ ላይ ናቸው እላለሁ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተቱ ጋር ይህንንም ቃል ልጾመው ቆረጥኩ። ለባልደረባዬ ስነግራት ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ! ስብሰባ እኮ ውሸት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ካልሆነልሽ፣ ከራሳቸው ጋር ስብሰባ ላይ ናቸው በያ!»

የሚያናድደኝ ማንም የማያስፈራራኝ መሆኑ ነው። በገድል ውስጥ ያሉት ገዥዎች ሰይፍ ይመዛሉ፣ እሳት ያነድዳሉ። የእኔ አለቃ «አደራ፣ የኔ እናት» ነው የሚሉኝ፤ የጾም ማኪያቶም ይጋብዙኛል። እንዲህ ባለ ፈተና የተፈተነ ሰማዕት ፈልጌ አጣሁ።

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጡ። በቤታቸው ይዞታ ክርክር የተነሳ ሲመላለሱ የቆዩ ናቸው፤ ደረጃው ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል።

«እንደምን አደርሽ፣ የኔ ልጅ? አሉ ዛሬ?»

አዎ፣ አሉ ማለት ነበረብኝ። በልቤ ሰማዕቱን ጠራሁ። ግን ጠረጴዛዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ጥቂት ጠበቁኝና አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ግድ የለም። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አይደል?» አሉ።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። ውሸቱ ግን ተነገረ፤ ያውም በእሳቸው አፍ። በራሴ ተናድጄ ልፈነዳ ደረስኩ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ፣ «አባባ፣ አሉ! ውስጥ ናቸው» አልኳቸው።

ዞር አሉ። «አውቃለሁ እኮ፣ ሲያስላቸው ሰምቻለሁ። በእኔ ጦስ እንጀራሽ እንዲዘጋ ስለማልፈልግ ነው። ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ይባስ ተናደድኩ። እኔ ለእውነት የምጨነቅ መስሎኝ ሳለ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው ውሸቴን ሲሸከሙልኝ ኖረዋል። «አይሂዱ፣ ይቀመጡ» ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው።

የአለቃዬ በር ገርበብ አለ። «ሄዱልሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ውስጥ እንዳሉ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን? አይሰማም፣ ጮክ በይ።»

ሰማዕታቱ አንዴ ሲናገሩ አደባባዩ ሁሉ ይሰማቸው ነበር። የእኔ ድምፅ ከአንድ በር አያልፍም። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ መጻፏን አቆመች። ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንደገና ተናገርኩ።