ከዘር የወጣው የዋንዶ ልጅ

ዋንዶ በጥንት ዘመን በፍራንኮች አገር፣ በሊስ ወንዝ ዳር ከአኻያ የዓሣ ማጥመጃ ቅርጫት እየሠራ የሚኖር ሰው ነበር። የአገሩ ንጉሥ ሌሎቹን የፍራንኮች ትናንሽ ነገሥታት አንድ በአንድ እየዋጠ ግዛቱን ሲያሰፋ፣ ዋንዶ "ማንም ይንገሥ፤ ዓሣው ቅርጫቴ ውስጥ ከገባ ይበቃኛል" እያለ ያፌዝ ነበር።

መዓቱ የመጣበት ግን ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገዛ ወንድሙ ነው። ያ የማይረባ ሰው ግብዣ ላይ ሰክሮ ሰው ገደለና እሱ ራሱ በበሽታ ሞቶ አረፈ። የተገደለው ሰው ወገኖች ደማቸውን ከቤተሰቡ ፈለጉ። ሽማግሌውን ዋንዶን ትተው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ልጆቹን ገደሉበት። የቀረው ጉንዶልፍ ብቻ ነበር፤ የእሱም ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች።

በፍራንኮች ሕግ አንድ መውጫ አለ። ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ አራት በትሮች ከራሱ በላይ ይዞ ከሰበረና ወደ አራቱም ማዕዘን ከጣለ ከዘሩ ይወጣል። አይወርስም፣ አይወረስም፤ ደም አይመልስም፣ ደምም አይፈለግበትም። ቢሞት ያለው ሁሉ የንጉሥ ነው።

"አልሰብርም!" አለ ጉንዶልፍ። "ፈሪ ሲሉኝ ልኑር?"

"ይበሉህ። ስድብ ሰው ሲገድል አይተሃል?"

"አንተስ አባዬ? የማን አባት ልትባል ነው?"

"የማንም። እኔ ቅርጫቴን እሠራለሁ። አንተ ብቻ ኑርልኝ።"

በመጨረሻ ጉንዶልፍ እሺ አለ። በትሮቹን የቆረጠው ዋንዶ ራሱ ነው፤ ልጁን እንዳያስቸግሩት ደረቅ ደረቁን መረጠ። ሦስተኛው ግን አልሰበር አለ።

"ምነው ወንድሜ፣ ጾመህ ነው የመጣኸው?" አለ አንዱ፤ ጉባኤው ሳቀ። ጉንዶልፍ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሰበረው። አራተኛውንም ሰበረ።

ከዚያ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ ከንጉሡ ወታደሮች ጋር ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። ገበያ ላይ ከአባቱ ጋር ሲገናኝ "ጤና ይስጥልኝ፣ ሽማግሌ" ብሎ ያልፋል፤ ዋንዶም "አብሮ ይስጥልን" ይላል። ዋንዶ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ባለደሞቹም ሕጉን ጠብቀው ጉንዶልፍን አልነኩትም።

በስድስተኛው ዓመት ንጉሡ ጎቶች የሚባሉትን ሕዝብ ሊወጋ ወደ ደቡብ ዘመተ። ጉንዶልፍም አብሮ ዘምቶ ቆሰለና በጋሪ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተ። ዋንዶ ወሬውን ሰምቶ የወንዙ መሻገሪያ ጋ ሲደርስ የንጉሡ ሹም አስከሬኑ አጠገብ ቆሟል። ባለደሞቹም መጥተው ነበር፤ ሽማግሌያቸው ሐሪልፍ ዓይኑን ከዋንዶ ላይ አልነቀለም። የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነበር። ዋንዶ "ልጄ ነው" ካለ በትር መስበሩ ለማታለል ነበር ይባላል፤ ደሙም ወደ ሁለቱ ሕፃናት ይዞራል።

"ከሚስቱና ከልጆቹ በቀር የዚህ ሰው ዘመድ አለ?" አለ ሹሙ።

ከዚያ ዞሮ ዋንዶን አየው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ታለቅሳለህ መሰለኝ። ምንህ ነው?"

ዋንዶ አስከሬኑን አየ። ልጁ ጢም አብቅሎ ነበር፤ በደንብ ያየው ገና ያን ቀን ነው። ላዩ ላይ ወድቆ ስሙን እየጠራ ሊጮህ ፈለገ።

"ቅርጫት ይገዛኝ ነበር" አለ። "ጥሩ ደንበኛ ነበር፣ ጌታዬ።"

ሐሪልፍ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

"እንግዲያው ሰው አንሶናል፤ ጉልበት ካለህ እግሩን ያዝ" አለው ሹሙ።

ዋንዶ የልጁን እግር ይዞ እስከ ጉድጓዱ ወሰደው፤ አፈሩንም ከወታደሮቹ ጋር መለሰ። ምራቱ ልጆቿን አቅፋ ማዶ ቆማ ታለቅሳለች፤ ቀና ብሎ እንኳ ሊያያት አልደፈረም። ሲጨርሱ ሹሙ ከስልቻው ግማሽ ዳቦ አውጥቶ "ለድካምህ" ብሎ ሰጠው።

ባዳ ቢሆን ይቀበል ነበር። ዋንዶም ተቀበለና እጅ ነሥቶ ሄደ።