ቀን የማይገባበት ማድቤት

ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ያለው ግቢያችን ውስጥ ቀን የማይገባበት አንድ ቤት ነበር፤ ማድቤታችን። ከዋናው ቤት ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ በሩ ገርበብ ካለ በእኩለ ቀን የገዛ እጅ የማይታይበት። ያኔ እኔና ወንድሜ ዳዊት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን የምንሮጠው ግን ወደዚያው ነበር፣ እቴቴ እዚያ ነበረቻ።

እቴቴ የምንላት አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሱቅ ስለምትውል ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ገና ስንገባ ምስር የተዘረጋበትን ሰፌድ ጉልበታችን ላይ ታደርግና ኩራዟን ወደኛ አስጠግታ «እናንተ ልቀሙ፣ እኔ ላውራ» ትለናለች። ተረት በቀን አይወራም ሲባል ሰምተን ስንጠይቃት «እዚህ ደግሞ መቼ ቀን ገብቶ ያውቃል?» ብላ ትስቃለች። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ፍሙ የፊቷን ግማሽ እያቀላው፣ አፋችንን ከፍተን እንሰማት ነበር።

ያኔ ከሁሉ የምወደው የጅቡን ነው።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱን አገር ያውቃል» ትላለች። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ማንም አይነግራችሁም። ቁርበቱን ሲያነጥፉለት፣ እኔ ሰው እያየኝ መብላት አፍራለሁና መብራቱን አጥፉልኝ አላቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አጠፉለት። ሲነጋ ቤት ውስጥ የታሰረችው ፍየላቸውም የለች፣ ጅቡም የለ። እነሱ ግን ዛሬም ‹አቤት የዚያ እንግዳ ጨዋነት› እያሉ ያወሩለታል።»

አባቴ የሚበላው ሳሎን ነው፣ ከትልቁ አምፖል ሥር። አንዲት ጠጠር ጥርሱ ላይ ካረፈች ሳህኑን ይገፋና «አስካለ፣ ዓይን የለሽም እንዴ?» ይላል። እቴቴ አንዱ ቆርቆሮ ተነስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይግባልኝ ብላ ክረምት በወጣ ቁጥር ትለምነው ነበር። እሱ እቴ፣ መልስ አያጣም። ጣሪያ ከተነካ ያፈሳል። አምፖል ቢሰቀል ጭስ ያበላሸዋል። መስኮት ቢከፈት የመንገደኛ ዓይን ድስት ውስጥ ይገባል። «ደግሞስ ለወጥ ምን ብርሃን ያስፈልገዋል? እጅሽ ያውቀው የለ!» የውጭው በር ላይ ግን አምፖል ነበረን። ለውሻው።

ዳዊት ዛሬም ቤቴል ካፌ ተቀምጦ «አይ ያ ጊዜ፣ መብራት ባይኖር ፍቅር ነበር» ሲል ደሜ ይፈላል። ለማን ነው ያ ፍቅር? ጭስ ስትጠጣ ለኖረችው ለእሷ ነው?

አምና ትዕግሥቴ አለቀ። ከአየር ጤና ፕላስቲኩን ገዝቼ፣ አንድ ሠራተኛ ይዤ ግቢው ገባሁ። ሰውየው ሚስማር ነቀለ፣ አንዱን ቆርቆሮ አወረደ፣ ፕላስቲኩን በቦታው መታው፤ ያቀረብኩለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ያን ሁሉ ዘመን አልሆን ያለው ነገር ይኼው ነበር።

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመና «ይኼን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለ።

«እቴቴ ነገረችህ» አልኩት። «ክረምት በወጣ ቁጥር ነገረችህ።»  

እቴቴ ገብታ ከብርሃኑ ሥር ተቀመጠች። ሰፌዷን አንስታ ወደ ፊቷ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። አንዲት ጠጠር እኔ ካለሁበት ቁልጭ ብላ እየታየችኝ የእሷ ጣት ምስሩን ዳብሶ አልፏት ሄደ። ከዚያ ሰፌዱን እንደ ድሮው ጉልበቴ ላይ አደረገችው።

«በይ አንቺው ልቀሚ፣ እኔ ላውራ» አለችኝ፤ በጠራራ ፀሐይም የጅቡን ተረት ጀመረች።

ያን ሁሉ ዓመት የጠራችን ለዓይናችን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ጠጠር ባለፋት ቁጥር ስለምትሰደብ፣ ዓይናችንን በተረት ትለምነን ነበር። ከልጅነቴ አንድም ተረቷን አልረሳሁም፣ ለልጆቼም አወራቸዋለሁ፤ ግን ባወራሁ ቁጥር ያ ንዴት አብሮ ይነሳብኛል።

ያን ቀን ጠጠሯን ለቀምኳት፤ አልጣልኳትም። እራት ሳቀርብ የአባቴ ሳህን ጠርዝ ላይ አኖርኩለት። ከትልቁ አምፖል ሥር ነውና ወዲያው አያት።