የተዘቀዘቀው ነጠላ

የያዙኝ ከልቅሶ ቤት ስወጣ ነው። በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ ሲቪል የለበሱ ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኜ ቆሙ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አቀበለኝ። ትሕትና መስሎኝ አመሰገንኩት።

የሞተው የጎረቤቴ ልጅ ነበር። በጥይት ነው የሞተው፤ ማን እንደተኮሰ የሚናገር ግን አልነበረም። እኔ ሙሾ አወረድኩለት። ሥራዬ ሆኖ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ሙዚቃ ማስተማር ነበር። ነገር ግን በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ግጥም የሚደረድር ከጠፋ የሚጠሩት እኔን ነው። የዚያን ቀን ግጥሜ ገዳዩ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጠየቀ እንጂ አልመለሰም። አንድ ጎረቤቴ በስልኩ ቀርጾ ለሚመለከተው አደረሰ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ አጸፋውን እመልሳለሁ። ደጄን ግን አላስረግጠውም።

ቃሌን የተቀበለው የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«ግጥሙን ማን ጻፈልሽ?» አለኝ።

«እኔው ነኝ። ደግሞ ታላቅህን እርስዎ ማለት አላስተማሩህም?»

«እዚህ ግቢ እርስዎ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ሳቀ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የተነቀለበት ቀዳዳ በረድፍ ቀርቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ይግላል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ እየመጡ ያርፉበታል። ከሐይቁ ዳር የዓሣ ትርፍራፊ በልተው የሚመጡ ትልልቅ አሞሮች ናቸው። ጫማ ያደረገ ሰው ጣሪያው ላይ የሚመላለስ ይመስላል። የመጀመሪያው ማለዳ ላይ ደንግጬ ተነሣሁ።

«ተኚ፣ እነሱ እንኳ እስረኛ አይደሉም» አለችኝ አጠገቤ የተኛች ሴት። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሙስሊም ነጋዴ ናት፤ ወንድሟ ሲሸሽ በእሱ ፈንታ ነው የያዟት። እኩያዬ ስለሆነች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ተባባልን።

ከእኛ ሌላ ግድግዳውን አቅፋ የምትውል አንዲት ልጅ ነበረች። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የምትዘፍን ናት። አንድ ስብሰባ ላይ ከባንዱ ጋር እንድትዘፍን ተጠርታ ሄደች፤ ተሰብሳቢው መፈክር ማሰማት ሲጀምር ማይኩ የተገኘው እሷ እጅ ላይ ነበር። በዚህ ታሰረች። አትበላም፣ አታወራም። ነጋዴዋ «ይህቺ ልጅ ድብርት ሊገድላት ነው» ትል ነበር። የምትነሣው እናቷ ስትመጣ ብቻ ነው። እናቷ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ትኩሱን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ በር ላይ ትሰጣለች። ልጅቷ ዓሣውን ለእኛ ታካፍልና ጋዜጣውን አጥፋ ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች።

ከዚያ ዓሣው መምጣቱን አቆመ።

«ቲቸር፣ እናቴን ከልክለዋት ይሆን?» ትለኛለች። ቲቸር የሚለኝ አንድ ድሮ ያስተማርኩት ፖሊስ ነበር፤ ከእሱ ሰምታ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ለነጋዴዋ ምግብ የምታመላልሰው እህቷ ናት። ሰሐኑን ስታቀብል በጆሮዋ ነገረቻት፤ ነጋዴዋ ደግሞ ቧንቧው ጋ ልብስ ስናጥብ ለእኔ ነገረችኝ። የልጅቷ እናት ድንገት ደረቷን አሟት ሞታለች። ተቀብራለችም። ዘመዶቿ መርዶውን ሊያረዷት ጣቢያው በር ድረስ መጥተው ነበር፤ ኃላፊው «አሁን አይሆንም» ብሎ መልሷቸዋል።

መርዶ የሥጋ ዘመድ ሥራ ነው። ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዝም አልንና ኃላፊውን እንዲያነጋግረኝ ጠየቅሁ።

«ዘመዶቿ ይግቡላት» አልኩት።

«ከፕሮግራሙ በኋላ።»

ፕሮግራሙ በማግስቱ ነበር። ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ስፒከር ቆሟል፤ የአገር ሽማግሌዎችና የሰፈሩ ሰዎችም ተጠርተዋል። ልጅቷ ሞቅ ያሉ ዘፈኖች እንድትዘፍን ተወስኗል። በደንብ ከዘፈነች ማታውኑ ትፈታለች።

«እናቷ እኮ ሞታለች» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከፕሮግራሙ በኋላ ያልኩሽ። አሁን ከነገርሻት ምን ብላ ትዘፍናለች?»

ይህን ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት።

ክፍላችን ስመለስ ልጅቷ ተነሥታለች። ፀጉሯን ታጥባለች፤ እንደምትፈታ ነግረዋታል። «መጀመሪያ የምሄደው አሞራ ገደል ነው። ከኋላዋ ሄጄ ዓይኗን ነው የምይዛት» አለች። ነጋዴዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ከዚያ ልጅቷ ለነገው መለማመድ ጀመረች። ድምፅ አላት፤ ይህን ከመጀመሪያው ስንኝ ላይ ነው ያወቅሁት። ግን ትሮጣለች። አንዱን ቃል ሳትጨርስ ሌላው ላይ ትዘላለች። ሌሎች ድምፃውያን ያደረጉትን የድምፅ ማርገብገብ ሁሉ ሰብስባ አንድ ዘፈን ውስጥ ትከታለች።

«የምትሮጪው ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቀስ ካልኩ ይሰለቻቸዋል፣ ቲቸር። ሆቴል ውስጥ ሰው እየበላ ነው የሚሰማሽ። አይ፣ የሚሰማዎት።»

«አይሰለቻቸውም።»

«እርስዎ ሆቴል ዘፍነው ያውቃሉ?»

አላውቅም።

ስትተኛ እኔና ነጋዴዋ በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን።

«ትዝፈንና ትውጣ» አለችኝ። «ቤቷ ሄዳ፣ ሰው ይዟት ትስማ። እዚህ ብትሰማ ማን አላት?»

«ነገ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ቀብር ላይ የዋለ ነው። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ እስክስታ ስትወርድ ያያታል፤ በስልክም ይቀርጻታል። አላወቀችም ነበር ብሎ ለከተማው ሁሉ ማን ያስረዳላታል?»

«ከነገርሻት ግን አትፈታም።»

«አትፈታም።»

«አንቺ ከሰውየው ጋር ቂም ስላለሽ አይደለም?»

ይህ ጥያቄ አናዶኝ ነበር። ዛሬም ያናድደኛል። ቂሙ አለኝ፤ አልክድም። ግን ያንን ያስወሰነኝ ቂም አይደለም። ልጅቷ ነገ ከእስር መውጣት ትችላለች፤ እናቷ ላይ ከጨፈረችበት ቀን ግን ዕድሜ ልኳን መውጫ የላትም። ይህንን ነው ለነጋዴዋ የነገርኳት።

ወደ ተኛችው ልጅ ተመለከተች። ከዚያ «በይ እንግዲህ አንቺ ተናገሪ፤ እኔ እይዛታለሁ» አለች።

አባ ኮዳዎቹ ጣሪያው ላይ ሲያርፉ ቀሰቀስናት። ነጋዴዋ በጆግ ውኃ አዘጋጅታ ከኋላዋ ተቀመጠች። እኔ ሁለት እጇን ያዝኩ። ልጅቷ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ነጋዴዋ ዞረች፣ ውኃውን አየች። በዚህ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ተከቦ ከተቀሰቀሰ ቀሪው አይጠፋውም።

«ማን ነው?» አለች።

«እናትሽ ናት፣ ልጄ።»

አልጮኸችም። የነጋዴዋ ክንድ ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ፊቷን ካጠብናት በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን አለቀሰላት?»

«ጎረቤቶቿ፣ ዓሣ ሻጮቹ…» አለች ነጋዴዋ።

«ሙሾስ ያወረደላት ሰው ነበር?»

ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አናውቅም አልናት።

ከሦስታችን ነጠላ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከልቅሶ ስለተያዝኩ ለብሼው ነው የገባሁት። ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። ሐዘንተኛ እንደምትለብሰው አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጌ ነው ያለበስኳት። ነጋዴዋ ጫፉን አስተካከለችላት። የእሷ ሃይማኖት ልማድ አይደለም፤ ሱቋ ውስጥ ለስንት ሐዘንተኛ ነጠላ ሸጣለችና እንዴት እንደሚለበስ ከእኔ ይልቅ ታውቅበታለች።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው ራሱ መጣ። ነጠላውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ልጅቷ ዞረ። «በይ ይህን አስተካክለሽ ልበሺ። እንግዶች ተቀምጠዋል።»

«አላስተካክልም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ነጠላዬን ከነኩት አልወጣም። ካልነኩት እዘፍናለሁ።»

ከውጭ ስፒከሩ ስሟን እየጠራ ነበር። ሰውየው ሰዓቱን አየ። የሙዚቃው ሙቀት ነጠላውን ያስረሳል ብሎ አስቦ ይሆናል። ከመንገዱ ዞር አለላት።

እኛ በሩ ሥር ተቀምጠን በስፒከሩ ሰማን። ኪቦርዱ የጭፈራውን መግቢያ ጀመረ። ልጅቷ አልገባችም። መግቢያው ደግሞ ዞረ፤ አሁንም አልገባችም። ከዚያ ኪቦርዱ በራሱ ጊዜ አቆመ። ተጫዋቹ ቀና ብሎ ነጠላዋን አይቶ ነው፤ ይህን በኋላ የነገረኝ ያስተማርኩት ፖሊስ ነው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ያለ ምንም መሣሪያ፣

«ዓሣውን ጠቅልለሽ ይዘሽ የመጣሽው፣
ዛሬስ በየት በኩል መንገዱን ሳትሽው።»

አልሮጠችም። እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው አደረሰችው። በሁለቱ ስንኞች መካከል ብዙ ጊዜ ቆመች፤ ጨርሳለች ብዬ ተነሣሁ። አልጨረሰችም ነበር። የመጀመሪያውን ልቅሶ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አንዲት ሴት ናት፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ወንዶች። በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው ሞቶበት ድምፅ አውጥቶ ያላለቀሰ ነበር። እኔን ያሳሰረኝም ያው ነገር ነው። ፖሊሱ እንዳለኝ ከእንግዶቹ ትልቁ መሐረቡን ሲያወጣ ኃላፊው ማይኩን ማስጠፋት አልቻለም።

አልፈቷትም። ሲመልሷት አጠገቤ ተቀመጠችና «ቸኮልኩ እንዴ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

«አልቸኮልሽም።»

ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ከመኝታዋ አልተነሣችም። ይህንን የሚያወራው የለም።

አሁን ታዋቂ ድምፃዊት ናት። ያን ቀን በስልክ የተቀረጸው ዘፈን አገሩን አዳረሰ፤ ሁላችንም ከተፈታን በኋላ በባንድ አስቀረጸችው። በየቴሌቪዥኑ ስለ እሷ ይከራከራሉ። አንዱ ምሥጢሩ ትዝታ ቅኝት ነው ይላል። ሌላው ሐዘንና ድብርት ለሙዚቀኛ ስጦታ ነው፣ ያልተከፋ ሰው ልብ የሚነካ ዘፈን አይዘፍንም ይላል። ያ ኃላፊም ሥራውን ለቆ ሐይቁ ዳር ሲቀመጥ «የመጀመሪያውን መድረክ የሰጠኋት እኔ ነኝ» እያለ ያወራል አሉ። የሰጣት ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ስለ ሐዘን የሚሉት ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ደስ ባይለኝም አምናለሁ። ሐዘኑ ድምፅ አልሰጣትም፤ ድምፁ ነበራት። መቸኮሏን ነው የወሰደባት። ሰው ይሰለቸዋል የሚለው ፍርሃት የዚያን ቀን ጠፋ፤ ምክንያቱም የምትዘፍነው ለእነሱ አልነበረም። ሰሚው ደግሞ የራሱን ሟች ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቀስ ስትል ማስቀመጫ አገኘለት። እኔ ይህንን በክፍል ውስጥ ለስንት ተማሪ ለማስተማር ደክሜአለሁ፤ አንዳቸውም እንደ እሷ አልገባቸውም። ግን ያ ሐዘን ሳምንታት ሙሉ ግድግዳ ሲያሳያትም አይቻለሁ። ያኔ አንዲትም ዜማ አላወጣችም። ምግብ በማንኪያ ያጎረስናት እኔና ነጋዴዋ ነን። ስጦታ የሚሉት ሰዎች ያኔ አልነበሩም።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። ለዘፈኑ አዲስ ክሊፕ እየሠሩ ነው። ሰላምታ ያውቃል፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ።

«እማማ፣ ያንን ነጠላ እንዲያውሱን ነው የመጣሁት። ሌላ ገዝተን ነበር፤ ግን ኦሪጅናሉ ካሜራ ላይ የተለየ ነገር አለው።»

«ማን ሞተባችሁ?» አልኩት።

ደነገጠ። «ኧረ ማንም! ለቀረጻ ነው።»

«የማውሰው ለልቅሶ ነው።»

ትንሽ ለመነኝ፣ ከዚያ ጫማውን አደረገ። ጫማውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት።

ማታውን ልጅቷ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው ሰላምታ ሳታስቀድም ነው የጀመረችው።

«ቲቸር፣ አልሰጧቸውም አይደል?»

«አልሰጠሁም።»

ዘፈኑ ላይ በስንኞቹ መካከል እንደምትቆየው ነው የቆየችው። እኔም አላቻኮልኳትም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ነጠላውን አጥቤ አስጥቼው ነበር፤ በማግስቱ ለብሼው ገበያ ወጣሁ። ነጋዴዋ ሱቋ በር ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ መጀመሪያ አንገቴን ነው ያየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ እግሬ አወረደች። ጥለቱ ወደ ታች ነበር።

«ደኅና ነሽ ማለት ነው» አለችኝ፤ ወንበር ሳበችልኝ።